ፊያት 600ን ከጣሊያን ፈልጎ አሜሪካ ማስገባት

ፊያት 600 በማርች 1955 በጄኔቭ የመኪና ትርኢት ለሕዝብ የቀረበ፣ በኢንጂነር ዳንቴ ጃኮዛ የተነደፈ ትንሽ የቤተሰብ መኪና ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባለው አንዱ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሞተሩ ከኋላ፣ የዕቃ ቦታው ከፊት ነው፤ ርዝመቱ 3 ሜትር ከ22 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱም ከ600 ኪሎ ብዙ አይርቅም። የመጀመሪያው ሞተር 633 ሲሲ ሲሆን፣ በ1960 600ዲ የተባለው ሲወጣ ወደ 767 ሲሲ አደገ። ጣሊያን ውስጥ ምርቱ በ1969 ቆሟል። ስፔን ውስጥ ሴያት፣ በያኔዋ ዩጎዝላቪያ ደግሞ ዛስታቫ በፈቃድ አምርተውታል። የአዲስ አበባ ሰው ሰይቼንቶ የሚለው፣ ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ ታክሲ ሲሠራ የኖረው መኪና ይኸው ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ወይም ሎስ አንጀለስ የሚኖር ኢትዮጵያዊ አንድ አሮጌ መኪና ከባሕር ማዶ ለማስመጣት ሲያስብ ልቡ ብዙ ጊዜ ወደዚህ የሚሄደው በዚሁ ምክንያት ነው።

የመኪናው ብርቅነት ከምርቱ ማነስ የመጣ አይደለም። ጣሊያን ውስጥ ብቻ ከሁለት ሚሊዮን ተኩል በላይ ተመርቷል። ርካሽ ስለነበረ ግን ሲያረጅ ማንም አላዘነለትም፤ ዝናብና ጨው በላው፣ የተረፈው በኪሎ ለብረት ተሸጠ። ዛሬ ብርቅ የሚባለው ወለሉ ያልበሰበሰ፣ ሞተሩ ያልተቀየረ፣ ወረቀቱም ከመጀመሪያው ባለቤት ጀምሮ ያልተቋረጠ 600 ነው። ከሦስቱ ወረቀቱ ይቀድማል። ላሜራ ተቆርጦ ይበየዳል፣ ሞተርም ወርዶ ይታደሳል፤ የጠፋ ሰነድን ከአትላንቲክ ማዶ ሆኖ መተካት ግን ገዢን ለወራት የሚያንከራትት፣ አንዳንዴም ጨርሶ የማይሆን ነገር ነው።

መኪናውን አዲስ አበባ ለመላክ ያሰበ ሰው ከመነሻው ማወቅ ያለበት፣ ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሏን ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የተዘረዘረው ሂደት የሚጠቅመው አሜሪካ ለሚኖር ገዢ ነው። አሜሪካ ለአሮጌ መኪና በሯን አታጠብም። የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት ሕግ ከተሠራ 25 ዓመት የሞላውን መኪና ከደኅንነት መስፈርቶቹ ነጻ ያደርገዋል፤ የአየር ብክለት ሕጉም 21 ዓመት የሞላውንና በፋብሪካ ይዞታው ያለውን ይተወዋል። የመጨረሻው 600 ከሚራፊዮሪ ፋብሪካ ከወጣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ስለሆነ ዕድሜ አያጨቃጭቅም። በፋብሪካ ይዞታ መገኘት የሚለው ግን ሞተሩ የተለወጠ መኪና በገዛ ሰው ላይ ችግር ያመጣል።

የትኛው 600?

«ሰይቼንቶ እፈልጋለሁ» ብሎ ብቻ ገበያ መውጣት ለደላላ መመቸት ነው። ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት ዓመቱና ሞዴሉ መለየት አለባቸው። ከ1955 እስከ 1960 የተሠሩት 633 ሲሲዎች ናቸው፤ ከእነሱም የመጀመሪያዎቹ የበር መስታወታቸው ወደ ጎን የሚንሸራተት ነው። እስከ 1964 ድረስ የተሠሩት ሁሉ፣ 600ዲዎቹም ጭምር፣ የስፖርቴሎው ማጠፊያ ከኋላ በኩል ስለሆነ በሩ ከፊት ይከፈታል፤ የጣሊያን ሻጮች ማስታወቂያቸው ላይ «ኮንትሮቬንቶ» የሚሉት ይህንን ነው፤ ዋጋውንም ከፍ ያደርገዋል። ከ1965 ጀምሮ የመጡት ባውዛቸው ተለቅ ያለ ሲሆን «ፋናሎና» ይባላሉ። በ1956 የወጣውና ሙልቲፕላ የተባለው ደግሞ በዚያው ሞተር እስከ ስድስት ሰው የሚጭን፣ ሮም ውስጥ ታክሲ የነበረ ዓይነት ነው። ሰብሳቢዎች ስለሚሻሙበት ዋጋው ከተራው 600 ጋር አይወዳደርም።

ቅዳሜና እሁድ እየነዳ ሊደሰትበት ለሚፈልግ ሰው ከሁሉም የሚሻለው 600ዲ ነው። በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ የመጀመሪያው 600 ከ100 በታች ይቀራል። 110 ኪሎ ሜትርም ቢሆን ወደ 68 ማይል ነው፤ የዋሽንግተን ቤልትዌይ ላይ ከጭነት መኪና ጋር ለመጋፋት የሚገዛ መኪና እንዳልሆነ ከወዲሁ መታወቅ አለበት።

አባርት የሚል ምልክት ከተለጠፈበት 600 መራቅ ይበጃል። የቶሪኖው የካርሎ አባርት ድርጅት በ600 አካል ላይ 850 ቲሲና 1000 ቲሲ የተባሉ የውድድር መኪናዎች ሠርቷል፤ እውነተኞቹ እጅግ ውድ ናቸው። ተራ 600 ላይ ምልክት መለጠፍ፣ የኋላ ኮፈኑንም ከፍ አድርጎ ማሰር የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በመስኩ የተካነ ባለሙያ ሳይዝ የሚገዛ ሰው አስመስሎ የተሠራውን በእውነተኛው ዋጋ ሊወስድ ይችላል።

ፍለጋው

ጣሊያን ውስጥ ግለሰቦች መኪና የሚሸጡበት ትልቁ የማስታወቂያ ገጽ ሱቢቶ ነው፤ ነጋዴዎች ደግሞ አውቶስካውት 24 ላይ ይበዛሉ። በየዓመቱ በጥቅምት የሚካሄደውና ቀድሞ ፓዶቫ የነበረው የአሮጌ መኪናዎች ትርኢት ከ2023 ጀምሮ ቦሎኛ ሆኗል፤ መኪናም መለዋወጫም በአንድ ጊዜ ለማየት ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። ሩኦቴክላሲኬ የተባለው ወርኃዊ መጽሔት የሚያወጣው የዋጋ ዝርዝር ሻጭ የጠራው ዋጋ ከልክ ያለፈ መሆን አለመሆኑን ለመገመት ያግዛል። እንደ ሬጅስትሮ ፊያት ኢታሊያኖ ያሉ ማኅበራት አባላት ደግሞ ማስታወቂያ ሳይወጣ የሚሸጥ መኪና ይሰማሉ። ጥሩው መኪና ብዙ ጊዜ የሚገኘውም እንዲህ ነው፦ ባለቤቱ አርጅቶ፣ ልጆቹ ጋራዡን ሊያስለቅቁ ሲፈልጉ።

የጣሊያን ማስታወቂያ ቋንቋ ጥቂት ቃላት ካወቁ ይገለጣል። «ኮንሰርቫታ» ያልታደሰ፣ እንደነበረ የተጠበቀ ማለት ነው፤ ከሁሉም መጀመሪያ መታየት ያለበት ይኸኛው ነው። «ሬስታውራታ» የታደሰ ነው፤ ፎቶው ያምራል፣ ከቀለሙ በታች ያለው ግን አይታይም፤ እድሳቱ ደረጃ በደረጃ በፎቶ ካልተያዘ በስተቀር ብዙ ሊታመን አይገባም። «ዳ ሬስታውራሬ» እድሳት የሚጠብቀው፣ «ፔር ሪካምቢ» ደግሞ ለመለዋወጫ የሚሸጥ ነው። «ራዲያታ» የሚለው ቃል ከታየ መኪናው ከመዝገብ ተሰርዟል፤ ዋጋው የወረደበት ምክንያትም እሱ ነው።

ብዙዎች ከደቡብ ጣሊያን ግዙ ይላሉ። በሰሜን በክረምት መንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን ምክሩ መሠረት አለው፤ ነገር ግን ፑሊያ ባሕር ዳር ደጅ ሲያድር የኖረ መኪና ፒዬሞንቴ ደረቅ ጋራዥ ውስጥ ከተቀመጠው ብሶ ሊዝግ ይችላል። ከክፍለ ሀገሩ ይልቅ መኪናው የት ሲያድር እንደኖረ መጠየቅ ይሻላል።

ሮም ወይም ሚላኖ ዘመድ ያለው ገዢ ትልቅ ዕድል አለው። ዘመዱ ሻጩ ቤት ሄዶ መኪናው በእርግጥ መኖሩን፣ ሻጩም ስሙ የተባለው ሰው መሆኑን ያረጋግጣል። ላሜራና ሞተር መመርመር ግን የሌላ ሰው ሥራ ነው። ለዚያ ከአሮጌ መኪና ማኅበር የሚላክ ወይም ራሱን ችሎ የሚሠራ ባለሙያ ተከፍሎት ይሄዳል፤ ክፍያው ከመኪናው ዋጋ አንጻር ትንሽ ነው፣ ሊቆጠብም አይገባም።

ሰነዱ

በጣሊያን የተሽከርካሪ ባለቤትነት የሚመዘገበው ፒአርኤ በተባለው የሕዝብ መዝገብ ሲሆን፣ መዝገቡ በ1927 የተቋቋመና በጣሊያን አውቶሞቢል ክለብ የሚተዳደር ነው። መዝገቡ ለማንም ክፍት ነው። የሰሌዳ ቁጥሩን የያዘ ማንኛውም ሰው አነስተኛ ክፍያ ከፍሎ «ቪዙራ» የሚባለውን ማስረጃ ያወጣል፤ እሱም የወቅቱን ባለቤት ስም፣ በመኪናው ላይ ዕዳ ወይም እግድ መኖር አለመኖሩንም ያሳያል። ከእሱ የሚሰፋው «ኤስትራቶ ክሮኖሎጂኮ» ነው፤ መኪናው መዝገብ ላይ ከሰፈረበት ቀን ጀምሮ በማን እጅ እንዳለፈ በቅደም ተከተል ይዘረዝራል። ሁለቱም አንድ ዩሮ ቀብድ ከመከፈሉ በፊት መውጣት አለባቸው። ሻጩ የሰሌዳ ቁጥር ለመስጠት ካንገራገረ ንግግሩ እዚያው ይቁም።

ቀጥሎ የሚታየው ሊብሬው ነው። የድሮው የጣሊያን ሊብሬ በእጅ ወይም በታይፕ የተሞላ፣ በማኅተም የተጨናነቀ ወረቀት ነው። እዚያ ላይ ሦስት ነገር ይፈለጋል፦ ሰሌዳው፣ «ቴላዮ» ከሚለው አጠገብ ያለው የሻንሲ ቁጥር፣ እና መኪናው መጀመሪያ የተመዘገበበት ቀን። የ600 የሻንሲ ቁጥር 100 ብሎ፣ የ600ዲ ደግሞ 100ዲ ብሎ ይጀምራል። ባለሙያው መኪናው ላይ የተመታውን ቁጥር አጽድቶ፣ በጎን ብርሃን ፎቶ አንሥቶ፣ ከሊብሬው ጋር አኃዝ በአኃዝ ያስተያያል። አካሉ 100ዲ፣ ወረቀቱ 100 ካለ የአንዱ መኪና ወረቀት ለሌላው ተሰጥቷል ማለት ነው፤ ማብራሪያው የቱንም ያህል ቢጣፍጥ መግዛት አይገባም። በቁጥሩ ዙሪያ የብየዳ ወይም የሞረድ ምልክት ካለም እንደዚሁ። ሴያት ወይም ዛስታቫ ላይ የፊያት ምልክት አድርጎ መሸጥም ቀላል ስለሆነ፣ ቁጥሩ ለዚህም መልስ ይሰጣል።

ሰሌዳው ራሱ ታሪክ ይናገራል። የዚያን ጊዜው ሰሌዳ ጥቁር ሲሆን የክፍለ ሀገሩ ፊደላት አሉበት፤ ቲኦ ከሆነ ቶሪኖ፣ ኤምአይ ከሆነ ሚላኖ ነው። የመጀመሪያ ጥቁር ሰሌዳው ያለ መኪና ብዙ ጊዜ ክፍለ ሀገር ሳይቀይር፣ በጥቂት እጅ የቆየ ነው። ከዚህ በተጨማሪ በ1966 የተቋቋመው አዚ የተባለው የአሮጌ ተሽከርካሪዎች ማኅበር የታሪካዊነት ምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ የላቀ ይዞታ ላላቸው ደግሞ «ታርጋ ኦሮ» የተባለ የወርቅ ሰሌዳ አለው። ይህ ጥሩ ድጋፍ ነው፤ ነገር ግን ምስክር ወረቀቱ ከተሰጠ ዓመታት ካለፉት መኪናው ያኔ የነበረበትን እንጂ ዛሬ ያለበትን አያሳይም።

ከመዝገብ የተሰረዘው «ራዲያታ» ለብቻው መታየት አለበት። አንዳንዱ ለዓመታት ግብር ሳይከፈልበት ቀርቶ በመንግሥት የተሰረዘ፣ ሰነዱ ግን በባለቤቱ እጅ ያለ ነው፤ የመሰረዙ ማስረጃና የድሮው ሊብሬ ከተገኙ ወደ አሜሪካ ለሚወስደው ገዢ ችግሩ ቀላል ነው። ሌላው ለመፍረስ ተብሎ የተሰረዘ ነው፤ በወረቀት የፈረሰ መኪና ስለሆነ አሜሪካ ደርሶ የባለቤትነት ሰነድ ሲጠየቅለት መልስ የለውም።

አካሉ

ፊያት 600 የተለየ ሻንሲ የለውም፤ ላሜራው ራሱ አጥንቱ ነው። ስለዚህ ዝገት የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በቅድሚያ የሚበሰብሱት ወለሉ፣ ከስፖርቴሎዎቹ በታች ያሉት የጎን ጠርዞች፣ የክሪክ ማስገቢያው አካባቢና ከፊት ኮፈን ውስጥ ባትሪው የሚቀመጥበት ቦታ ናቸው። ባትሪው፣ የቤንዚን ጋኑና ትርፍ ጎማው ሁሉ ከፊት ስለሆኑ፣ የፈሰሰ አሲድና የገባ ውኃ እዚያ ይጠራቀማሉ። የፊት እግሮቹን አግድም የሚይዘው ባሌስትራ የታሰረበት ላሜራም አብሮ ይታያል፤ እሱ ከላላ መሪው አይታመንም።

ምርመራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ይጠቀለልና ከስፖርቴሎው ታችኛ ጠርዝ ተነሥቶ ወደ ፓራፋንጎው ቀስ እያለ ይሄዳል። ላሜራ ላይ ይጣበቃል፤ ስቱኮ ላይ ሲደርስ ይለቅና ይወድቃል። መዳፍ የምታህል ስቱኮ ከአሮጌ መኪና አትጠፋም፤ ማግኔቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የማይዝበት ጠርዝ ግን ላሜራ የለውም። ከዚያ ምንጣፉ ይነሣል፤ እርጥበት ካለ ይዳሰሳል፣ አዲስ ጥቁር ሬንጅ ከተቀባ ደግሞ ለምን አሁን እንደተቀባ ይጠየቃል። በመጨረሻ መኪናው በራሱ ማስገቢያ በክሪክ ከፍ ይላል፤ በአየር ላይ እንዳለ ስፖርቴሎው ይከፈታል፣ ይዘጋል። በሩ ከነከሰ ወይም አልዘጋ ካለ አካሉ ክብደቱን መሸከም አቅቶት እየታጠፈ ነው። ይህን ሻጩ ፊት መሥራት ያስፈልጋል፤ ዋጋው ብዙ ጊዜ የሚወርደው እዚያው ላይ ነው።

ሞተሩ በውኃ የሚቀዘቅዝ ሲሆን ራዲያተሩ ከጎኑ፣ ከኋላ ነው። አየር እንደ ልብ ስለማያገኝ ሙቀት የዚህ መኪና የቆየ ሕመም ነው። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት በእጅ ተዳስሶ ቀዝቃዛ መሆኑ ይረጋገጣል፤ ሻጩ ቀድሞ አሙቆት ከሆነ ሌላ ቀን ይመጣል። የዘይት ክዳኑ ውስጥ ወተት የመሰለ አረፋ ከታየ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቷል። ካምቢዮው አራት ማርሽ አለው፤ አንደኛው ማርሽ መኪናው እየሄደ ሲገባ ቢጮህ የአሠራሩ ጠባይ ነው፤ ሁለተኛው ከጮኸ ግን ጥገና ይፈልጋል። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ሞተሪኖ ጣሊያን ውስጥ በቀላሉ የሚገኙና የማያስደነግጡ ወጪዎች ናቸው፤ ለእነሱ ሲባል ጥሩ አካል ያለውን መኪና መተው ስሕተት ነው።

የሞተሩ ቁጥርና ዓይነት ግን ችላ አይባልም። ብዙ 600ዎች ከጊዜ በኋላ የፊያት 127ን 903 ሲሲ ሞተር ተገጥሞላቸዋል። በመንገድ ላይ ጥሩ ማሻሻያ ነው፤ በአሜሪካ ጉምሩክ ፊት ግን መኪናውን በፋብሪካ ይዞታ ካለ አሮጌ መኪና ተርታ ሊያስወጣው ይችላል። በተመሳሳይ ዓይነት የተተካ ሞተር ችግር የለውም።

ክፍያና ከጣሊያን መውጣት

ቀብድ የሚከፈለው በጽሑፍ ውል ነው። ውሉ የሻንሲ ቁጥሩን፣ ጠቅላላ ዋጋውን፣ የመሰረዣ ወጪውን ማን እንደሚችል፣ ቀሪው ገንዘብም የትኛው ሰነድ ሲሰጥ እንደሚከፈል ይናገራል። ክፍያው በባንክ ሐዋላ ሲሆን የሒሳቡ ባለቤት ስም ቪዙራው ላይ ካለው ስም ጋር አንድ መሆን አለበት። የጣሊያን የሒሳብ ቁጥር አይቲ ብሎ የሚጀምርና 27 ፊደልና አኃዝ ያለው ነው። ጣሊያናዊ ነኝ የሚል ሻጭ የሌላ አገር ሒሳብ ከሰጠ፣ ወይም ዋጋው ከገበያው ግማሽ ሆኖ «መኪናው መጋዘን ነው፣ አጓጓዡ ያደርሳል» ካለ፣ መኪናው የለም ብሎ መነሣት ይሻላል።

ጣሊያን ውስጥ የማይኖር ሰው መኪናውን እዚያ በስሙ ማስመዝገብ ስለሚቸግረው፣ የተለመደው መንገድ ሻጩ በመሸጫ ሰነዱ ላይ ፊርማውን አረጋግጦ፣ መኪናውን «ወደ ውጭ ለመላክ» በሚል ምክንያት ከመዝገብ ማሰረዝ ነው። ይህን የሚሠሩ የተሽከርካሪ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቶች በየከተማው አሉ። ሲሰረዝ ሰሌዳውና ሊብሬው ሊያዙ ስለሚችሉ፣ የሊብሬው ሁሉም ገጾች አስቀድመው ጥራት ባለው ቅጂ መያዝ አለባቸው። ለመሰረዝ መኪናው የቴክኒክ ምርመራ ያለፈ እንዲሆን ሊጠየቅ ይችላል፤ የማይነሣ መኪና የሚገዛ ሰው ይህን ከሻጩ ጋር ቀድሞ ይነጋገርበታል። ከዚያ አጓጓዡ ለአውሮፓ ጉምሩክ የወጪ ንግድ ዲክላራሲዮን ያቀርባል፤ በእሱ የሚሰጠው ኤምአርኤን ቁጥር ከሌለ መኪናው ወደብ አይገባም።

የጣሊያን የቅርስ ሕግ ከ75 ዓመት በላይ የሆነ ተሽከርካሪ ያለ ባህል ሚኒስቴር ፈቃድ እንዳይወጣ ይከለክላል። የመጀመሪያዎቹ 600ዎች እዚህ ዕድሜ የሚደርሱት በ2030 ነው። ከ600 በፊት የነበረውንና ከ1936 ጀምሮ የተሠራውን ቶፖሊኖ የሚፈልግ ገዢ ግን ከዛሬ ጀምሮ ይህን ማስላት አለበት።

ባሕሩ

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ መኪናው እየተነዳ የሚገባበት መርከብ ነው፤ ይረክሳል፣ መኪናው ግን መነሣትና መቆም መቻል አለበት፣ ውስጡም ዕቃ አይጫንም። ሌላው ኮንቴይነር ነው። ባለ 20 ጫማው ውስጡ 5 ሜትር ከ90 ገደማ ስለሆነ አንድ 600 ከነመለዋወጫው ይበቃዋል፤ ባለ 40 ጫማው ሦስት ይይዛል። ተጨማሪ ቴስታታ፣ መስታወት፣ የጎማ ማሸጊያ ጣሊያን ውስጥ ገዝቶ አብሮ መጫን ብልህነት ነው፤ ሁሉም በዝርዝር ተጽፎ መታወጅ ግን አለበት። በአጠቃላይ ለአሮጌና ለማይተካ መኪና ኮንቴይነሩ ይመረጣል። ኢንሹራንሱም ሙሉ መጥፋትን ብቻ ሳይሆን ጭረትና ስብራትን የሚሸፍን ይሁን።

ከመጫኑ በፊት መኪናው ከሥሩ በደንብ ይታጠባል። የአሜሪካ ግብርና ቁጥጥር የውጭ አፈር የያዘ ተሽከርካሪ አያስገባም፤ በእርሻ ቤት የኖረ 600 ደግሞ ወለሉ ሥር የዓመታት ጭቃ አለው። ቤንዚኑ ይቀነሳል፣ ባትሪው ይፈታል፣ ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ ይነሣል።

የአሜሪካ ጉምሩክ

ዋሽንግተን፣ ሰሜን ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ለሚኖር ገዢ ቅርቡ ወደብ ባልቲሞር ነው፤ በአገሪቱ ብዙ መኪና ከሚያስተናግዱት አንዱ ነው። ሕጉ ግለሰብ ራሱ እንዲያስፈጽም ቢፈቅድም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስመጣ ሰው የጉምሩክ አስተላላፊ መያዝ አለበት። በኮንቴይነር የሚመጣ ጭነት መረጃው ጣሊያን ወደብ ላይ ከመጫኑ 24 ሰዓት በፊት ለአሜሪካ ጉምሩክ መድረስ ስላለበት፣ አስተላላፊው የሚቀጠረው መርከቡ ሲደርስ ሳይሆን ገና ሳይነሣ ነው። መዘግየቱ እስከ 5,000 ዶላር ያስቀጣል።

የሚሞሉት ቅጾች ሦስት ናቸው። ኤችኤስ-7 የደኅንነት ቅጽ ሲሆን 25 ዓመት የሞላው መኪና የመጀመሪያው ሳጥን ላይ ምልክት ይደረግበታል። 3520-1 የአየር ብክለት ቅጽ ነው፤ 21 ዓመት ለሞላውና ላልተለወጠው የኢ ኮድ ይመረጣል። 7501 የቀረጥ ማጠቃለያው ነው። ከእነሱ ጋር የመሸጫ ውሉ፣ የጣሊያን መሰረዣ ሰነድ፣ የሊብሬው ቅጂና ከመርከቡ ድርጅት የሚሰጠው የጭነት ሰነድ ይቀርባሉ። የተመረተበት ዓመት የሚረጋገጠው ከሊብሬው ስለሆነ፣ የጣሊያንኛው ሰነድ ከነትርጉሙ ይያዛል።

የመንገደኛ መኪና መደበኛ ቀረጥ ለብዙ ዘመን 2.5 በመቶ ነው። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ በውጭ መኪናዎች ላይ የተጣለው ተጨማሪ 25 በመቶ ቀረጥ 25 ዓመት የሞላቸውን አይነካም፤ ሆኖም የቀረጥ ጉዳይ ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ስለተለዋወጠ የዕለቱን ምጣኔ አስተላላፊው በጽሑፍ እንዲሰጥ ማድረግ ይገባል። በዚህ ላይ የዋጋው 0.3464 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ 0.125 በመቶ የወደብ ጥገና ክፍያ፣ የዋስትና ቦንድና የአስተላላፊው ዋጋ ይጨመራሉ። ዋጋ አሳንሶ የተጻፈ ውል ማቅረብ አንዳንድ ሻጮች እንደ ውለታ የሚያቀርቡት ነገር ነው፤ ሐዋላው ባንክ ውስጥ ስላለ ገዢውን ከማስጠየቅ ሌላ ጥቅም የለውም። ወደቡ በነጻ የሚያቆየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ስለሆነ፣ የሚያነሣው ጎታች መኪና አስቀድሞ ይታዘዛል።

ሰሌዳና ኢንሹራንስ

ጉምሩክ የለቀቀው መኪና በየስቴቱ የባለቤትነት ሰነድ ማግኘት አለበት። የሚያስቸግረው የሻንሲ ቁጥሩ ነው። የዛሬው ባለ 17 አኃዝ ቁጥር የመጣው ከ1981 ሞዴል ጀምሮ ስለሆነ፣ የ600 አጭር ቁጥር ኮምፒዩተሩን ሊያስቸግር ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን ቁጥሩን በዓይኑ አይቶ የሚያረጋግጥ ፖሊስ ወይም ተቆጣጣሪ ይጠየቃል። ማኅተም ያረፈባቸው የጉምሩክ ቅጾች ዋናው ስለሚፈለግ ቅጂ ብቻ ይዞ መሄድ ቀን ማባከን ነው።

ቨርጂኒያ 25 ዓመት ለሞላው መኪና የአንቲክ ሰሌዳ ትሰጣለች፤ መኪናው ለትርኢት፣ ለሰልፍና ከመኖሪያ ቤት 250 ማይል ሳይርቅ ለመዝናኛ እንዲነዳ እንጂ ለሥራ መመላለሻ እንዲውል አትፈቅድም። ካሊፎርኒያ 1975ና ከዚያ በፊት የተሠሩትን ከጭስ ምርመራ ነጻ ታደርጋለች። ኢንሹራንሱ ባለቤቱና ድርጅቱ አስቀድመው በተስማሙበት ዋጋ የሚከፍል፣ ለአሮጌ መኪና የተዘጋጀ ዓይነት ይሁን፤ ተራው ኢንሹራንስ የ1962 መኪናን እንደ አሮጌ ዕቃ ገምቶ የሚሰጠው ካሳ ስፖርቴሎ እንኳ አይገዛም። ለዚህም የባለሙያው ሪፖርት፣ የእድሳት ደረሰኞችና ከመጫኑ በፊት የተነሡት ፎቶዎች ይቀርባሉ።